የጎረቤት ሐቅና የጓሯችን ኮምፖስት



ባለፈው ክረምት እረፍት ላይ ስለሠራነው አንድ ትንሽ ሥራ ልናጫውታችሁ ነው። ሥራው ኮምፖስት ማዘጋጀት ነበር። ጨዋታው ግን ስለ ኮምፖስት ብቻ አይደለም፤ መልካም የሠራን መስሎን ጎረቤት ስለ ማስቸገራችንም ነው። የራስን ጥፋት በመጽሔት ላይ ማውጣት ያሳፍራል። ነገር ግን አብዛኞቻችን ለእረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ "ለሰፈራችን አንድ ነገር እንሥራ" ብለን ስለምንነሳ፣ የእኛ ስህተት ለሌላው ትምህርት ይሆናል በሚል ኒያ ጻፍነው።

ሦስት ነን። ሦስታችንም የሽንፋ ልጆች ነን። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስን አብረን አደግን፤ አሁንም እዚህ ግቢ አብረን ምህንድስና እንማራለን። ሽንፋን ለማታውቁ፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟንም ከወንዟ ጋር ትጋራለች። ወንዙ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ እዚያው ሱዳን ውስጥ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። አገሩ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መሬቱም እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ዋልካ መሬት ጭቃ ሆኖ ጫማ ከእግር ላይ አውልቆ ያስቀራል።

ከቤታችን ጀርባ አምስት ቤተሰብ በጋራ የሚያለማው ጓሮ አለ። ሁለቱ ቤተሰቦች ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን ናቸው። ባሚያ፣ ከርከዴ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ይተከልበታል። ሁለት የማንጎ ዛፎችና አንድ ትልቅ ኒምም አሉት። አጥር የለውም፤ ለወጥ ያነሰው ወጥቶ ይቀጥፋል። እኛም በልጅነታችን የማንጎው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ጓሮው ግን ከዓመት ዓመት እየደከመ መጣ። የምንወስደው እንጂ የምንመልስለት አልነበረም። የማሽላው አገዳ ከአጥርና ከቤት ክዳን የተረፈው ይቃጠላል፤ የወጥ ቤት ጥራጊው ወደ ወንዙ ዳር ይጣላል። ጎርፍ ሲመጣ ሁሉንም ጠርጎ ይወስደዋል፤ እኛም የጸዳን ይመስለናል። ራሃድ ዳር የሚኖር ሰው ግን ያንን ውሃ እንደሚጠጣ አስበን አናውቅም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ስንማር ነው ነገሩ የቆረቆረን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከተማ ቤቶች ከሚወጣው ጥራጊ ብዙው የሚበሰብስ፣ ወደ አፈር ሊመለስ የሚችል ነገር ነው። በእኛው አገር መፍትሔ የሞከሩ ሰዎችም ነበሩ። ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከክልሉ ግብርና ቢሮና ከገበሬዎች ጋር ሆነው በጥቂት የትግራይ መንደሮች የኮምፖስት ሥራ ጀመሩ። ኮምፖስት ያገኘውን ማሳ፣ የኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘውና ምንም ካላገኘው ጋር እያስተያዩ ምርቱን መዘኑ። ኮምፖስት ያገኘው ምንም ካላገኘው እጅግ በልጦ፣ በአብዛኛው ከኬሚካሉም ሳያንስ ተገኘ። አንድ ጊዜ የተደረገ ኮምፖስት ለቀጣዩ ዓመት ሰብልም ይተርፍ ነበር።

ከእኛ ዑለማዎች ታሪክም የሚያኮራ ነገር አገኘን። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በኢሽቢሊያ የኖረው ኢብኑል ዐዋም "ኪታቡል ፊላሓ" በተባለው የግብርና መጽሐፉ ውስጥ ስለ ፍግ ዓይነቶችና አዘገጃጀት ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ጽፏል። "ይሄ ፈረንጅ ያመጣው ነገር ነው" ለሚለን ሰው መልስ አዘጋጀን ማለት ነው። ተክል የተከለ ሙስሊም፣ ከተከለው ላይ ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውንም እናውቃለን። እንግዲህ ዕውቀቱ አለ፣ ኒያው አለ፣ ጉልበቱም አለ። የቀረን ነገር ያለ አልመሰለንም።

ሐምሌ መጀመሪያ ሽንፋ እንደገባን በሦስተኛው ቀን መቆፈር ጀመርን። ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ነበረው። ቦታውን የመረጥነው ለሥራ እንዲመች ነው፤ ጥላ አለው፣ ውሃ ቅርብ ነው። በአቅራቢያው ካለ በረት ትኩስ እበት አመጣን፤ ለምለም አረም አጨድን፤ የወደቀና የበሰበሰ ማንጎ ለቀምን፤ የአምስቱንም ቤት የወጥ ቤት ጥራጊ ሰበሰብን። ሞልተን በአፈር ሸፈንነው። ፎቶ አንስተን ለጓደኞቻችን ላክን፤ "ማሻ አላህ!" ተባልን።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ዋልካ መሬት ውሃ አያሰርግም፤ ሲረጥብ ያብጥና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ጉድጓዳችን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ገንዳ ሞላ። በምናነበው መመሪያ ላይ ጉድጓድ ለደረቅ ወቅትና እርጥበት ለሚያጥረው ቦታ እንደሆነ፣ ለዝናብ ወቅት ግን ከመሬት በላይ መከመር እንደሚሻል ተጽፎ ነበር። ያንን ገጽ ዘለነዋል። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ግም እንቁላል የሚሸት ሽታ ተነሳ። አየር ያጣ ነገር ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፤ ለፈተና አጥንተነው ነበር፤ በአፍንጫችን ግን ያወቅነው ያኔ ነው።

ጉድጓዱ ከአንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን የጓሮ በር አሥር እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። እማማ እንላቸዋለን፤ ልጅ እያለን እናቶቻችን ሰሊጥ አጨዳ ሲሄዱ እሳቸው ቤት ነበር የምንውለው። በዚያ ክረምት ልጃቸው ወልዳ፣ አራስ ሆና እሳቸው ቤት ተኝታለች። የሕፃኑ የ40 ቀን ክርስትና ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ሊሆን ቀኑ ተቆርጧል፤ ዘመድ ከገንዳ ውሃም ከጎንደርም ይመጣል። እኛ ይሄን ሁሉ እናውቅ ነበር። ግን ከጉድጓዱ ጋር አላገናኘነውም።

እማማ አንድም ቃል አልተናገሩንም። ከጠዋት እስከ ማታ ግን ከቤታቸው የእጣን ጭስ መውጣት ጀመረ። እኛም ለአራሷ መስሎን ዝም አልን። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ የአንዳችን እናት ሦስታችንንም ጠርታ አስቀመጠችን።

"ያ እጣን ለምን እንደሚጨስ ታውቃላችሁ?" አለችን።

ዝም አልን።

"የእናንተን ሽታ ለመሸፈን ነው። በሩን ዘግታ፣ በዚህ ሙቀት አራስ ልጇን አፍና ተቀምጣለች። እንዳትናገራችሁ 'የተማሩ ልጆች ናቸው፣ አንድ ነገር ቢያውቁ ነው' ትላለች።" ትንሽ ዝም አለችና "ሰደቃ ነው ትላላችሁ። ሰደቃው በማን አፍንጫ ነው?" ስትል ጨመረች።

ያቺን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ያም ሆኖ ልባችን ወዲያው አልተመለሰም። "በሁለት ሳምንት ይጠፋል"፣ "ለጓሮው ጥቅም ነው"፣ "ትንሽ ቢታገሡን" እያልን ስንከራከር አደርን። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ወደ መድረሳችን ሸይኽ ሄድን። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ሥራችንን የሚደግፍ ነገር እንዲነግሩን ነው። ስለዚህ ስለ ሽታው ሳይሆን ስለ እበቱ ጠየቅናቸው፤ "ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም? በእርሱ ያደገ አትክልትስ ይበላል?" አልናቸው።

ሸይኻችን ተረጋግተው አስረዱን። በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ሥጋቸው የሚበላ እንስሳት ፍግ ንጹሕ ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ነው፤ ሆኖም መሬት ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል፣ የሚበቅለው አዝመራም ንጹሕ ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ አንድ ነገር ባሕርዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ፍርዱም አብሮት ይለወጣል። "ስለዚህ ሥሩ፤ የሥራ ልብሳችሁን ለዩ፣ ለሶላት ስትቆሙ ታጠቡ" አሉን። ደስ ብሎን ልንነሳ ስንል ግን "ቆዩ" አሉን።

"ጓሮው የማን ነው?"

"የአምስት ቤተሰብ ነው።"

"ስንቱን አማከራችሁ?"

መልስ አልነበረንም። አምስቱንም ቤት ጥራጊ ጠይቀናል፤ ፈቃድ ግን አልጠየቅንም።

ሸይኻችን አልተቆጡንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው በሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ማዘዛቸውን አስታወሱን። ሐላል ምግብ ነው፤ ግን ሽታው ሌላውን ያስቸግራል። ቀጥለውም ጂብሪል ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ ከመምከሩ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ነገሩን። "ስለ እበቱ ነጃሳነት የጠየቃችሁኝ ስለምትፈሩት ነው። ስለ ሰው ሐቅ ግን አልጠየቃችሁኝም" አሉን። ከመስጂዱ የወጣነው አንገታችንን ደፍተን ነው።

በማግስቱ ቡናና ስኳር ይዘን፣ ከእናታችን ጋር እማማ ቤት ሄድን። "እማማ፣ አጥፍተናል፤ ይቅር ይበሉን" አልናቸው። ጉልበታቸውን ልንስም ስንል አነሱን።

"ልጆቼ፣ እኔስ ምን እላለሁ። ተምራችሁ መጥታችሁ የሰፈር ጥራጊ ስታነሱ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያ ቦታ ሐምሌን ሙሉ ውሃ ይተኛበታል። እኔ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር" አሉን።

ይህቺ ንግግር ከሁሉ በላይ ቆረጠችን። የምናነበው መመሪያ ስለ ካርቦንና ናይትሮጅን ያውቃል፤ የእኛ ጓሮ ውሃ የት የት እንደሚተኛ ግን የሚያውቁት እማማ ናቸው። ሐቃቸውን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ዕውቀታቸውንም እናገኝ ነበር። ማማከር የጨዋ ልጅ ወግ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ የሥራው የመጀመሪያ ጥናት እርሱ ነው።

ከክርስትናው በፊት ያለን አምስት ቀን ነበር። ከሱብሒ በኋላ እየወጣን በሁለት ጠዋት ጉድጓዱን ባዶ አደረግነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተን አናውቅም፤ አንዳችን ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። ከዚያ አምስቱንም ቤተሰብ ማንጎው ሥር ሰብስበን "የት ይሁን?" ብለን ጠየቅን። ከሁሉም በሮች የሚርቀው፣ ነፋሱም ወደ ወንዙ የሚወስደው የኒሙ ጥግ ተመረጠ። ቦታው ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም።

በዚህ ጊዜ አልቆፈርንም። መሬቱ ላይ ወፍራም የዛፍ ቅርንጫፍና ካለፈው ዓመት የተረፈ የአጥር አገዳ አነጠፍን፤ ከሥር አየር እንዲገባ ነው። በላዩ ላይ ደረቁንና እርጥቡን እያፈራረቅን ደረደርን። ባለሙያዎች ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይመክራሉ። የማሽላ አገዳና ደረቅ ቅጠል ካርቦን ይበዛባቸዋል፤ እበት፣ የፍየል በጠጥና ለምለም አረም ናይትሮጅን ይበዛባቸዋል። ሚዛን ስለሌለን ሁለት እቅፍ የተከተከተ አገዳ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር አደረግን። እማማ ከምድጃቸው አመድ ሰጡን፤ "ዙሪያውን በትኑት፣ ምስጥ አይወድም" አሉን። በየንጣፉም ከኒሙ ሥር ያነሳነውን አፈር ነሰነስንበት፤ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕዋሳት የሚኖሩት እዚያ ነው። ክምሩ ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል ሆነ። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ዝናቡ በቀጥታ እንዳይወርድበትም በላዩ የሣር ዳስ ሠራንለት።

እርጥበቱን የምንለካው በእጅ ነው። አንድ እፍኝ አንስተን ስንጨብጠው ጣታችንን ማርጠብ አለበት፤ ውሃ ከተንጠባጠበ ግን በዝቷል። ሙቀቱን የምንለካው ደግሞ መሐል ላይ በተከልነው ረጅም እንጨት ነው። በአምስተኛው ቀን ነቅለን ስንነካው በእጅ የማያስይዝ ሙቀት ነበረው። ክምር በደንብ ሲሠራ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ የአረሙን ዘርና ብዙውን የበሽታ ተሕዋስ የሚገድለው ይሄ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ሲበርድ እናገላብጠዋለን፤ አየር ሲያገኝ እንደገና ይሞቃል። ሽታው? ቀርበው ካላሸተቱት በቀር የለም፤ ያለውም ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ሽታ ነው።

የሕፃኑ ክርስትና በሰላም አለፈ። በዚያ ቀን እኛ ውሃ ስንቀዳና ወንበር ስናመላልስ ዋልን። እማማም እጣን ያጨሱት ለቡናው ብቻ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ወደ ግቢ ስንመለስ ክምሩ ገና አልደረሰም። የብዙ ተማሪ ሥራ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ እረፍት ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ያልቃል። እኛም በመጀመሪያው መንገዳችን ብንቀጥል ኖሮ ክምሩ የሚቀረው ያለ ባለቤት ነበር። አሁን ግን የጓሮው ሰው ሁሉ ሥራ ሆኗልና የአንዳችን ታናሽ እህትና የእማማ የመጨረሻ ልጅ በየሁለት ሳምንቱ ሊያገላብጡት ተስማሙ። በጥቅምት መጨረሻ ስልክ ደወሉልን፤ ክምሩ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ አገዳውም እበቱም አይለይም፣ ጥቁር አፈር ሆኗል።

በጥር የሴሚስተር እረፍት ስንሄድ አየነው። እህታችን አንዱን የቲማቲም መደብ በኮምፖስት፣ ሌላውን ያለ ኮምፖስት አዘጋጅታ ጎን ለጎን ተክላለች። ያኛው መደብ ተሰነጣጥቋል፤ ይሄኛው በእጅ ይፈረከሳል፣ ውሃም በቶሎ አይደርቅበትም። አንድ መደብ አይቶ ትልቅ ነገር መናገር አይገባም። ሁሉም ሰው አልተቀበለውም፤ ከአምስቱ አንደኛው ጎረቤታችን "ቆሻሻ ቆሻሻ ነው" ብለው እስከ ዛሬ አገዳቸውን ያቃጥላሉ። አልተከራከርናቸውም። ጓሮው የእሳቸውም ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየሰፈራችን የምንጀምረው ነገር ሁሉ በጋራ መሬት ላይ ነው። የመድረሳ ማጠናከሪያ ትምህርት ቢሆን፣ ችግኝ ቢሆን፣ የመስጂድ ጽዳት ቢሆን፣ ድምፁን የሚሰማ፣ አቧራውን የሚቀበል፣ ሽታውን የሚያሸት ጎረቤት አለ። እዚህ ግቢ ውስጥ እንኳ በዶርም ክፍላችን የምናደርገው መልካም ነገር አብሮን የሚያድረውን ልጅ ይነካዋል። አጅሩን ስናስብ የእርሱን ሐቅ አብረን እናስብ። መጀመሪያ እንጠይቅ፤ በትንሹ እንጀምር፤ ስንሄድ ለማን እንደምንተወው ከወዲሁ እንወቅ። ዝም ያለ ጎረቤት ሁሉ የተስማማ እንዳይመስለን። ምናልባት በሩን ዘግቶ እጣን እያጨሰ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ሥራችንን በሰው ሐቅ የማይነካካ፣ ኒያችንንም የጠራ ያድርግልን። ያስቀየምናቸውን ጎረቤቶቻችንን ይቅርታ የምንጠይቅበትን ድፍረት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።